የዓሣ እንቁላል ለጨው ውሃ አኳሪየም፦ ከባህር የመጣው ይሻላል ወይስ የሐይቁ?

ድሬዳዋም ሆነ ሐረር ላይ የጨው ውሃ ዓሣ የሚያኖር ሰው ዋነኛ ራስ ምታቱ ምግብ ነው። በረዶ ሆነው የሚሸጡት ማይሲስና አርቴሚያ የሚባሉ ትንንሽ ሽሪምፕ መሰል እንስሳት ከሩቅ ይመጣሉ፤ መንገድ ላይ አንዴ ቀልጦ ተመልሶ በረዶ ከሆነ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ማመን አይቻልም። በሌላ በኩል ዓሣ የሚያበስል ኩሽና ሁሉ ከሆድ ዕቃ ጋር ጠርጎ የሚጥለው እንቁላል አለ። እሱን ሰብስቦ ማዘጋጀት ከባድ ሥራ አይደለም። የሚከብደው መምረጡ ነው፦ ከየትኛው ዓሣ፣ በምን ደረጃ ላይ ያለ፣ ጥሬውን ወይስ ሙቅ ውሃ አስነክቶ።

ለቸኮለ አንባቢ መልሱን አስቀድመን እንስጥ። ከተጠመደ አንድ ቀን ያላለፈው፣ በበረዶ ተቀብሮ የመጣ የባህር ዓሣ እንቁላል ከተገኘ የሚበልጠው የለም። ካልተገኘ የዕለቱ የሐይቅ እንቁላል ይሁን፤ የሰነበተ የባህር እንቁላል ከትኩስ የሐይቅ እንቁላል ያንሳል። ከየትም ይምጣ ደግሞ በእኛ የአየር ሙቀትና በእኛ መብራት ጥሬውን ከማስቀመጥ ሙቅ ውሃ ማስነካት ይሻላል።

የባህሩና የሐይቁ ልዩነት

የባህር ዓሦች ዲኤችኤና ኢፒኤ የሚባሉትን የኦሜጋ 3 ቅባቶች ከሌላ ቅባት በበቂ መጠን መሥራት ስለማይችሉ ከምግባቸው ማግኘት አለባቸው። አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ ዲኤችኤ የለውም ማለት ይቻላል፤ አርቴሚያ ብቻ የሚበላ ዓሣ የሚከሳውና ቀለሙ የሚደበዝዘው በአብዛኛው ለዚህ ነው። የባህር ዓሣ እንቁላል ይህንን ጉድለት በቀጥታ ይሞላል። የሐይቅ ዓሣ እንቁላልም ፕሮቲኑና ፎስፎሊፒድ የሚባለው ቅባቱ ጥሩ ነው፤ የኦሜጋ 3 ድርሻው ግን ያነሰ፣ የኦሜጋ 6 ድርሻው የበዛ ነው። ስለዚህ የባህሩ ዋና ምግብ ሊሆን ሲችል የሐይቁ ደጋፊ ነው። በሳምንት አንድ ሁለቴ ሰጥቶ ሌላውን ቀን በማይሲስ መሙላት ይበቃል።

በበሽታ በኩል ሲታይ ሚዛኑ ይገለበጣል። ከቀይ ባህርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚጠመድ ዓሣ የሚይዘው ቫይረስና ባክቴሪያ የእናንተን ዓሦችም ሊይዝ የሚችል ነው። የሐይቅ ዓሣ ጥገኛ ተሕዋስያን ግን አብዛኞቹ ጨው ውሃ ውስጥ አይቆዩም። ፍሪዘር መፍትሔ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ለሰባት ቀን ማቆየት ትሎችን ይገድላል፣ ባክቴሪያንና ቫይረስን ግን ጠብቆ ያቆያል እንጂ አይገድልም።

ከጅቡቲ ድሬ ድረስ በየብስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያ መስመር ከሚመጡት ዓሦች ለእኛ ሥራ የሚመቹት የጅቡቲ ነጋዴዎች በፈረንሳይኛው ታዛር የሚሉት ረጅሙ ማኬሬል፣ ቱና እና ሙሌ ናቸው። የብዙዎቹ እንቁላል ሲበስል ወደ 1 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ እንደ ክላውን፣ ክሮሚስና አንቲያስ ላሉ ትንንሽ የአኳሪየም ዓሦች አፍ ልክ ነው። ሁለት ዓሦችን ግን ተዉ። አንደኛው ግሩፐር ነው፤ የነርቭ በሽታ የሚያመጣው ኖዳ ቫይረስ በእንቁላል በኩል የሚተላለፍ ሲሆን በአጭር ሙቀትም በቀላሉ አይሞትም። ሁለተኛው ሲነኩት ራሱን እንደ ፊኛ የሚነፋው ዓሣ ነው፤ በእንቁላሉና በጉበቱ ያለው መርዝ በመፍላት አይጠፋም፣ የሚነካውንም ሰው ለአደጋ ይዳርጋል።

ከሐይቅ ከሚመጡት ውስጥ አምባዛን እናስቀድማለን። አንድ በደንብ የተዘጋጀች ሴት አምባዛ ከክብደቷ አሥር በመቶና ከዚያ በላይ እንቁላል ልትይዝ ትችላለች፤ 1 ኪሎ ከምትመዝነው 100 ግራም ማግኘት አያስገርምም። መጠኑም ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ነው። ቆሮሶ በአፏ ስለምታቅፍ የምትጥለው ጥቂትና ትልቅ ነው፦ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር። ለትልቅ ክላውንና ለመሰሎቹ ይሆናል፤ ለአንቲያስና ማንዳሪን ለሚባለው ትንሽ ዓሣ ግን አይዋጥም። የናይል ፐርች እንቁላል በተቃራኒው ከ1 ሚሊ ሜትር ያንሳል፤ ለትንንሽ አፍና ለኮራል ጥሩ ነው። የካርፕ ሥጋና ሆድ ዕቃ ቪታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ታያሚኔዝ የሚባል ኢንዛይም አለበት፤ ሙቀት ይሰብረዋል፣ ስለዚህ የካርፕ እንቁላል በጥሬው አይሰጥም። ባርቦን ደግሞ ጭራሽ አለመንካት ይሻላል፤ የአውሮፓው ዘመዱ እንቁላል ሰውን ክፉኛ እንደሚያስመልስና እንደሚያስቀምጥ የታወቀ ነው፣ ሌላ አማራጭ እያለ ለመሞከር ምክንያት የለም።

የመጠን ልዩነቱ አመጋገብ ላይም ለውጥ ያመጣል። አንድ ግራም ውስጥ ባለ 1 ሚሊ ሜትሩ እንቁላል 1,800 ገደማ ይሆናል፣ ባለ 2.5 ሚሊ ሜትሩ ግን 120 ብቻ። ብዙ ዓሣ ያለበት አኳሪየም ትንሹን ይመርጣል፤ ፈሪው ዓሣም ድርሻው ይደርሰዋል። ጉልበተኛ የነገሠበት አኳሪየም ውስጥ ትልቁን ብትሰጡ እሱ ብቻ ይጠግባል።

የሱሺ እንቁላል የሚባለው የታሸገ ምርት ጨው፣ ስኳር፣ ቀለምና መከላከያ ስላለው አይሆንም። የተቀቀለ የዶሮ እንቁላል አስኳልም ውሃውን ከማደፍረስ በቀር የባህር ዓሣ የሚፈልገውን አይሰጥም።

ከሻጩ ጋር

የሐይቅ ዓሣ ብዙውን ጊዜ ዳር ላይ ሆዱ ተዘርግፎ ስለሚመጣ ድሬ ሲደርስ እንቁላል የለውም። ቀድሞ መንገር ነው። «አቦ፣ እንቁላል ያላቸውን ስታገኝ ከረጢቱን ሳትበሳ በፌስታል አድርገህ በረዶ ላይ አስቀምጥልኝ» ማለት ይበቃል። «ሳትበሳ» የሚለው ቃል እንዳይረሳ፤ ሐሞት የነካው እንቁላል ይመራል፣ ዓሣውም ይተፋዋል። በጾም ወቅት የዓሣ ፈላጊ ስለሚበዛ (ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለባለቤቶቹ ትተን) እንቁላል ለመሰብሰብ ይመቻል። አምባዛ ለመራባት የሚዘጋጀው ክረምቱ ሲገባ ነው፤ ከሰኔ ጀምሮ ሆዷ የሞላ ትገኛለች።

ከሱቅ ወደ ቤት ያለው መንገድ አጭር ቢሆንም በግንቦት የድሬ ፀሐይ ግማሽ ሰዓት ያለ በረዶ መያዝ ጥፋት ነው። ወደ ሐረር የሚወስድ ሰው ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚጓዝ ከእንቁላሉ እኩል ክብደት ያለው በረዶ ይያዝ፤ በረዶውና እንቁላሉ ግን በተለያየ ፌስታል ይሁኑ። የቀለጠ ውሃ ከረጢቱ ውስጥ ከገባ እንቁላሉ ውሃ ጠጥቶ ይፈነዳል።

ደረጃውን በዓይን መለየት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «የበሰለው ይሻላል» ብሎ ብርጭቆ የመሰለውን፣ ብርሃን የሚያሳልፈውን እንቁላል ይመርጣል። ያ እንቁላል ለመጣል የተቃረበ ነው። የባህር ዓሦች እንቁላል ከመጣላቸው ጥቂት ሰዓት በፊት ብዙ ውሃ ይስባል፤ መጠኑ ያድጋል እንጂ ምግቡ አይጨምርም፣ ቆዳውም ይሳሳል። ሲታጠብ ግማሹ ይፈነዳል፣ ፍሪዘር የተረፈውን ይጨርሰዋል።

የሚፈለገው ከዚያ አንድ ደረጃ ቀደም ያለው ነው። ከረጢቱ ሞላ ያለ፣ ሲጫኑት የሚመልስ፤ ፍሬው አንድ በአንድ የሚለይ፣ ብርሃን የማያሳልፍ፣ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ የሆነ። የአምባዛ ወደ አረንጓዴ ቡናማ ያደላል፣ ያ ጤነኛ ቀለሙ ነው፤ የተበላሸ መስሏችሁ አትጣሉት። የቆሮሶ ከረጢት ትልቅና ትንሽ ፍሬ ተቀላቅሎበት ይገኛል፣ እሱም ችግር የለውም፣ በወንፊት ይለያል። ፍሬው በዓይን የማይለይ ቀጭን ሮዝ ከረጢት ገና ነው፤ ከሽፋኑ አይላቀቅም። ላላ ያለ፣ ደም የቋጠረ ከረጢት ደግሞ እንቁላሉን የጨረሰ ነው፣ ይጣላል። ሽታው የባህር ወይም የጭቃ ከሆነ ደህና፤ የአሞኒያ ወይም የቆየ ዘይት ሽታ ካለው ማዘጋጀት የሚያድነው ነገር የለም።

ከሽፋኑ ማላቀቅ

ዕቃው ብርጭቆ፣ ፕላስቲክ ወይም የማይዝግ ብረት ይሁን። መዳብና ነሐስ አይነኩ፤ ጥቂት መዳብ ሽሪምፕንና ኮራልን ይገድላል። የአሉሚኒየም ድስትም ጨው ሲነካው ይበላልና ይቅር።

ማጠቢያውን በ1 ሊትር ውሃ 10 ግራም ጨው፣ ማለትም ሁለት ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ትንሽ ጎደል አድርጋችሁ አዘጋጁ። ይህ መጠን ለዓሣው የሰውነት ፈሳሽ ይቀርባል፤ እንቁላሉ አያብጥም፣ አይኮማተርም። በንጹህ የቧንቧ ውሃ ከታጠበ ግን ውሃ ይስባል፣ በሳል የአምባዛና የካርፕ እንቁላል ደግሞ ተጣብቆ እብጠት ይሆናል። ለማጠቢያ የወጥ ጨው ይበቃል፤ ለአኳሪየሙ ውሃ ግን የምግብ ጨውም የድሬ የቧንቧ ውሃም አይሆኑም። ጀበናና ማሞቂያ ላይ የሚጋገረውን ነጭ ድንጋይ ያየ ምክንያቱን ያውቀዋል።

ለማላቀቅ ሦስት መንገድ አለ። ሹካና ማንኪያ፦ ከረጢቱን በርዝመቱ ሰንጥቆ፣ ጫፉን በሹካ ይዞ በማንኪያ ጀርባ መግፋት። ለትንሽ መጠን ፈጣን ነው፣ ከረጢቱ ጠንካራ ከሆነ ግን ብዙ ፍሬ ይፈርጣል። ወንፊት፦ ቀዳዳው ከፍሬው ትንሽ የሚሰፋ ወንፊት ላይ የተሰነጠቀውን ከረጢት ፍሬው ወደ ታች ሆኖ ዘርግቶ በመዳፍ ቀስ ብሎ ማሽከርከር። ለ1 ሚሊ ሜትሩ አዲስ የመስኮት ፕላስቲክ ሽቦ፣ ለቆሮሶ ቀዳዳው 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር የሆነ ማጥለያ ይሆናል። ከቀፊራም ሆነ ከሸዋ በር ገበያ የሚገዛ ነው። አጎበር ቆርጦ ወንፊት ማድረግ ግን በፍጹም አይሞከርም፤ የወባ አጎበር የተነከረበት ፀረ ነፍሳት ኬሚካል ለዓሣና ለሽሪምፕ መርዝ ነው፣ ታጥቦም አይለቅም።

ሦስተኛው፣ እኛ የምናደላለት፣ ለብ ያለ ውሃ ነው። አንድ እጅ የፈላ ውሃ ከአራት እጅ የቧንቧ ውሃ ጋር ሲቀላቀል ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል። 10 ግራም በሊትር ጨው ጨምራችሁ የተሰነጠቀውን ከረጢት ከ5 እስከ 10 ደቂቃ አስቀምጡት። ሽፋኑ ተኮማትሮ ፍሬውን ይለቃል፤ ከዚያ በወንፊቱ ላይ ሲሽከረከር የሚፈርጠው ጥቂት ይሆናል። የሽፋኑ ቁራጭና የደም ሥር ተንሳፎ ስለሚቀር ሦስት አራት ጊዜ በማቅረር ይወገዳል። ይህን ማጠብ አትዝለሉ። የሽፋን ቁራጭ የቀረበት እንቁላል ተያይዞ ይወርዳል፤ ትንሹ ዓሣ ይጎርሰውና መልሶ ይተፋዋል፣ አሸዋ ውስጥ ገብቶም ይበሰብሳል። የመጨረሻው ማጠቢያ ውሃ ንጹሕ እስኪሆን ድረስ ቀጥሉ፤ የሚያደፈርሰው የፈረጠው እንቁላል አስኳልና ዘይት ነው፣ እዚህ ያልወጣው አኳሪየሙ ውስጥ ይወጣል።

ጥሬ፣ ሙቅ ውሃ የነካ፣ በጨው የጠነከረ

ጥሬው በምግብነት የሚበልጠው የለም፣ ዓሦችም ወዲያው ይቀበሉታል። ችግሩ ሌላ ነው። የቤት ፍሪዘር ቀስ ብሎ ስለሚያበርድ የበረዶው ፍሬ ትልቅ ሆኖ የእንቁላሉን ቆዳ ይቀድዳል፤ ሲቀልጥ ውሃው ወተት ይመስላል። በሽታውም እንዳለ ይቆያል። ጥሬ የሚሰጠው የዕለቱን የሐይቅ እንቁላል በዕለቱ ለሚጨርስ ሰው ብቻ ነው።

በጨው ማጠንከር መሐከለኛው መንገድ ነው። ለ100 ግራም የተንጠፈጠፈ እንቁላል 3 ግራም ጨው ነስንሶ ለ30 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ፣ የወጣውን ውሃ አፍስሶ ወደ ፍሪዘር ማስገባት። ቆዳው ይጠነክራል፣ ሲቀልጥ የሚፈርጠው ይቀንሳል፤ ጀርም ግን አይገድልም።

ሙቅ ውሃ ማስነካት ሁለቱንም ችግር ያቃልላል። ውሃ ድሬ ላይ በ96 ዲግሪ ገደማ፣ ሐረር ላይ ከፍታው ወደ 1,900 ሜትር ስለሚጠጋ በ94 ገደማ ይፈላል። ሦስት እጅ የፈላ ከአንድ እጅ የቧንቧ ውሃ ጋር ሲቀላቀል ድሬ ላይ 78፣ ሐረር ላይ 75 ወይም 76 ዲግሪ ይሆናል፤ ቴርሞሜትር የሌለው ሰው በዚህ ይሠራል። ለ100 ግራም እንቁላል 1.5 ሊትር አዘጋጁ፤ ውሃው ካነሰ እንቁላሉ ራሱ ያቀዘቅዘዋል። በጥቅጥቅ ወንፊት አድርጋችሁ ነክራችሁ፣ በማንኪያ ቀስ እያማሰላችሁ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ቆዩ። ፍሬው ነጣ ብሎ ሲጠነክር ወዲያው በረዶ ባለበት፣ በሊትር 35 ግራም ጨው በተደረገበት ውሃ ውስጥ ሁለት ደቂቃ አቀዝቅዙ። ከሦስት ደቂቃ ካለፈ ጎማ ይሆናል። የሚፍለቀለቅ ውሃ ላይ በቀጥታ ከተጣለ ደግሞ አንዱ ከሌላው ተጋግሮ ይቀራል። በሙቀቱ የሚጠፋው በውሃ የሚሟሟ ቪታሚን ጥቂት ነው፤ ቅባቱ አለ፣ የካርፕ ታያሚኔዝም ይዳከማል።

ፀሐይ ላይ ማድረቅን ብዙዎች ይጠይቃሉ፣ ድሬ ፀሐይ ስለማያንሳት። አይመከርም፤ ለእንቁላሉ ዋጋ የሰጠው ኦሜጋ 3 በፀሐይና በአየር ፈጥኖ የሚበላሸው ያ ቅባት ነው። የተበላሸ ዘይት የበላ ዓሣ ጉበቱ ይጎዳል።

ፍሪዘርና መብራት

እንቁላሉን በማጥለያ 15 ደቂቃ አንጠፍጥፉ። 50 ግራሙን ዚፕ ባለው ፌስታል ውስጥ 13 በ13 ሴንቲ ሜትር ያህል አድርጎ መደልደል ውፍረቱን 3 ሚሊ ሜትር ያደርገዋል፤ በቶሎ ይበርዳል፣ የሚፈለገውም ያህል ተቆርሶ ይወጣል። አየሩን ጨምቃችሁ አውጡ፣ ቀንና የዓሣውን ስም ጻፉበት። ሙቅ ውሃ የነካው ሁለት ወር፣ ጥሬው አንድ ወር ይቆይ፤ ከዚያ በላይ ቅባቱ መበላሸት ይጀምራል።

መብራት ሲጠፋ ፍሪዘሩ ቀልጦ እንደነበር ለማወቅ በረዶ የሆነ ውሃ ያለበት ስኒ ላይ ሳንቲም አስቀምጡ። ከቀናት በኋላ ሳንቲሙ ውስጥ ሰምጦ ከተገኘ ምግቡም ቀልጦ ነበርና ይጣላል። መብራት አዘውትሮ የሚጠፋበት ሰፈር ለምትኖሩ ከፍሪዘር ሙሉ እንቁላል ይልቅ የደረቀ የአርቴሚያ እንቁላል ማስቀመጥና በየጊዜው ማስፈልፈል ይቀላል፦ በሊትር 25 ግራም ጨው፣ ከ26 እስከ 28 ዲግሪ፣ አየር እየተነፋ 24 ሰዓት። የዓሣውን እንቁላል ደግሞ በተገኘበት ሳምንት መጨረስ ነው።

መመገብና የሚበላሸው

200 ሊትር ውሃና አምስት ስድስት ትንንሽ ዓሣ ላለው አኳሪየም በአንድ ጊዜ ሩብ የሻይ ማንኪያ፣ 1 ግራም ገደማ ይበቃል። ከአኳሪየሙ በተወሰደ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ አሟሟቱት፣ በሻይ ማጥለያ አጥልሉ፣ ውሃውን ድፉት። ዘይቱና አልጌ የሚያበዛው ፎስፌት የሚበዛው እዚያ ውሃ ውስጥ ነው። የተጣራውን ውሃ ወደ አኳሪየሙ የሚመልሰውን ፓምፕ ለ10 ደቂቃ አጥፍታችሁ ከፋርማሲ በተገዛ መርፌ በሌለው 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ በዓሦቹ ፊት ልቀቁ። ከሁለት ደቂቃ በኋላ የሚተርፍ ከሆነ ብዙ ነው ማለት ነው፣ የወደቀውን በዚያው ሲሪንጅ ሰብስቡ። ታንግ የሚባለው ዓሣ ዋና ምግቡ አትክልት ስለሆነ ለእሱ እንቁላል ቅምሻ ብቻ ነው። ቱባስትሪያን የመሰሉ ሥጋ በል ኮራሎች ግን አፋቸውን ሲከፍቱ አንድ በአንድ ቢሰጣቸው ይወዱታል።

ቆሻሻን በአረፋ ከውሃው የሚያወጣው ፕሮቲን ስኪመር ዓሦቹ ከተመገቡ በኋላ አረፋ ማውጣት ቢያቆም አትደንግጡ፣ አታስተካክሉትም አትበሉ፣ ተዉት፤ ዘይት አረፋን ይሰብራል፣ በሰዓታት ውስጥ ራሱ ይመለሳል። በየጊዜው ከሆነ ግን እንቁላሉ በደንብ አልታጠበም። የውሃው ፊት ላይ የዘይት ሽፋን ከታየ ምክንያቱ ያው ነው፤ የሽንት ቤት ወረቀት ቅጠል ፊቱ ላይ አስተኝቶ ማንሳት ለጊዜው ያጸዳዋል። ፎስፌት እየጨመረ ከሄደ ከሳምንት ሦስት ጊዜ ወደ አንድ ጊዜ ዝቅ አድርጉ።

ዓሣው እንቁላሉን አይቶ ከዞረ መጀመሪያ ሽታውን አጣሩ፣ ቀጥሎ መጠኑን ከአፉ ጋር አስተያዩ። ሁለቱም ደህና ከሆኑ የሚለመደው ከማይሲስ ጋር ተቀላቅሎ ነው፦ አንድ እጅ እንቁላል ከሦስት እጅ ማይሲስ ጀምሮ በየመመገቢያው እንቁላሉን ማብዛት። ማንዳሪን ከሁሉም ዘግይቶ ይለምዳል። ለእሱ ከ1 ሚሊ ሜትር ያልበለጠውን ምረጡ፣ ሌሎቹ ሳይሻሙት ከድንጋዩ ሥር አጠገቡ በቀስታ ልቀቁለት።